የግንቦት ሸራ

እንቅልፍ ድሮም የሰርካዲስ የቅርብ ወዳጅ አልነበረም፤ አሁን ግን ጨርሰው ተኳርፈዋል። ሌሊቱን ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያው ሽማግሌና ባልቴት ስታገላብጥ፣ ስታጣጥብ፣ አንሶላ ስትቀይር ታድራለች፤ ጠዋት ክፍሏ ትገባና ወፍራሙን መጋረጃ ትጎትታለች። ቀኑን ማታ ነህ ብላ ለማሳመን ነው። ቀኑ ግን የዋዛ አይደለም፤ በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ ይገባና እሷ ሳትተኛ እሱ ዓይኗ ላይ ይተኛል። ውጭ ዝናብ አለ። መስታወቱ ላይ ታየዋለች እንጂ አትሰማውም፤ የአየርላንድ ዝናብ እንደ ሐሜተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ሥራውን የሚሠራው። ለሚዛን ከተማ ልጅ ዝናብ ብርቋ አይደለም፤ ዝናብ ከተባለ ግን መጮህ አለበት። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች መደማመጥ የሚያቅታቸው፣ አባዬ ማስተማሩን ትቶ ጠመኔውን ሽቅብ እየወረወረ እየቀለበ እስኪያባራ የሚጠብቀው፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ደግሞ ሕፃን ሁሉ ድብን ብሎ የሚተኛበት፣ እንደዚያ ያለ ዝናብ። በጩኸት ተኝቶ ያደገን ሰው በጸጥታ ተኛ ቢሉት እንዴት ይሆናል? ትገላበጣለች። ትራሱን ታዞራለች። ነገ ፈተና ነው፤ መተኛት አለብኝ ትላለች፤ መተኛት አለብኝ ባለች ቁጥር ደግሞ ዓይኗ እንደ ጉጉት ይፈጣል።

ፈተናው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ነው። ዓመታት ነርስ ሆና የሠራች ሴት ነርስ መሆኗን የምታስመሰክርበት ፈተና። ወረቀቱ ሁሉ አልቋል፤ የዲግሪዋ ማረጋገጫ፣ የተማረችው ሰዓት ዝርዝር፣ የሥራ ልምዷ፣ ወንጀል የሌለባት መሆኗ፣ እንግሊዝኛ መስማቷና መናገሯ፣ ሁሉም ተልኳል። ለዚያ ሁሉ ማኅተም ደጅ የጠናው አባዬ ነው። ከጡረታ በኋላ ያገኘው ሥራ የሷ ወረቀት ነበር ማለት ይቻላል፤ ጃንጥላውን ይዞ ይሄድና ሬጂስትራሩ በር ላይ ቁጭ ይላል፤ ጸሐፊዋ “ነገ ይመለሱ” ስትለው “ነገን አውቃታለሁ፤ ተማሪዬ ነበረች፤ ሁልጊዜ ታረፍዳለች” ይላታል። ፖስታው የተላከ ዕለት ደውሎ “ሄደልሽ” አላት፤ ድምፁ ልጅ የዳረ ሰው ድምፅ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ሰርካዲስ የሚላት የለም። የቤተሰብ ስም ሲሏት የአባቷን ስም ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው ገሠሠ ነው፤ የሥራ ተራ ማውጫው ላይ ያለው ገሠሠ ነው፤ ኃላፊዋ ከኮሪደሩ ጫፍ ስትጣራ “ገሠሠ!” ነው የምትለው፤ መጀመሪያ መጀመሪያ አባዬ የመጣ እየመሰላት ዞር ትል ነበር። ይህን ስትነግረው ስልኩ ላይ እስኪያስለው ሳቀና “እንግዲያውስ ደሞዙም ለኔ ይሁና!” አላት።

ባለፈው ጊዜ ወድቃለች። ይህን አባዬ አያውቅም። ፈተናው ክፍል ለክፍል ነው፤ ደወል ሲደወል ትገቢያለሽ፣ ደወል ሲደወል ትወጫለሽ፤ አንዱ ክፍል ቁስል ማሸግ፣ አንዱ መድኃኒት ማደል፣ አንዱ የማይተነፍስ አሻንጉሊት ማስተንፈስ። እነዚህ ለሰርካዲስ ጨዋታ ነበሩ። የጣላት የመጨረሻው ክፍል ነው። እዚያ በሽተኛ የለም። ሶፋ ላይ ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፤ ተዋናይ ናት፤ አባቷ ዛሬ ጠዋት ሞቷል፣ እሷ ግን አላወቀችም፤ ግቢና ንገሪያት። በቃ፣ ይኸው ነው። ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ጥግ ተቀምጧል። ሰርካዲስ ገባች፣ ሰላም አለቻት፣ “መንገድ እንዴት ነበር?” አለቻት። “ቁርስ በልተሻል?” አለቻት። “ማን አብሮሽ መጣ?” አለቻት። ሴትዮዋ ብቻዬን ነኝ ስትል ሰርካዲስ ደነገጠች፤ ብቻዋን ለሆነች ሴት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተደርጎ ነው የሚነገረው? “ወንድም የለሽም? አጎትስ?” አለቻት። “አባትሽ ትንሽ ደክሟቸዋል፤ ወንድምሽን ብንጠራው ጥሩ ነው” አለቻት። ሴትዮዋ አዝናላት ነው መሰል፣ እንድታልፍ ፈልጋ ነው መሰል፣ ወደ ፊት ዘንበል ብላ “አባቴ ሞቷል እንዴ?” ብላ በግልጽ ጠየቀቻት። ሰርካዲስም “ኧረ እግዜር አያድርገው!” አለች። በእንግሊዝኛ። ደወሉ ተደወለ። ሌላውን ሁሉ ብታልፍም ያ ክፍል ከወደቀ ሁሉም ወደቀ ነው። የሚፈተኑት ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገ ሁለተኛው ነው። ካለፈች ነርስ ናት፤ ከወደቀች ጉልበቷ እስከቻለ ድረስ አንሶላ ቀያሪ ናት።

ዋሸሽ ነው ያሏት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ለስለስ ያለ ነበር፣ ትርጉሙ ግን እሱ ነው። ሰርካዲስ ተናደደች። ናዳ የመታው ሰው እንኳ እንደዚያ አይናደድም። እሷ ያደረገችው እኮ ጥሩ ነርስ የሚያደርገውን ነው! ከቱም ገጠር የመጣውን ገበሬ እንዴት ትርሳው? አገር ቤት ሆስፒታል እየሠራች ነው፤ ሳንባው አልቆ ነው ያመጡት፤ አንድ ቀን አድሮ ንጋት ላይ ሞተ። ሚስቱ ደጅ ቆማለች፣ ቂጣ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች፣ ሆዷ ገፍቷል። ሰርካዲስ ለሷ አልነገረቻትም፤ የሟቹን ታላቅ ወንድም ወደ ጓሮ ወሰደችና ለሱ ነገረችው። ሽማግሌው አማርኛው እንደ ነገሩ ነው። “እህቴ፣ እሷ አሁን አትሰማም። መንገድ ላይ አትሰማም። ቤት ሰው አለ። ሰው ሳለ ትሰማለች” አላት። ከዚያ ሟቹን አለበሱት፣ ጋቢ አከናነቡት፣ ሰርካዲስ የግሉኮስ ከረጢት ክንዱ ላይ አሰረችለት፣ የማይወርድ ግሉኮስ፤ መኪናው ላይ ፊቱን ወደ ወንድሙ ደረት አዙረው አስቀመጡት። “እንዴት ነው?” ትላታለች ሚስቱ። “ቤቱ ይሻለዋል” ትላታለች ሰርካዲስ፤ ይሄው አሁን፣ እዚህ አልጋ ላይ ሆና፣ የሴትዮዋን ዓይን ታየዋለች። ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት የባሏን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች፤ ቤቷ ስትደርስ እናቷ፣ እህቶቿ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ጠበቃት፤ በሰው እጅ ላይ ሆና ሰማች፤ ስትወድቅ የሚይዛት ባለበት ሰማች። ሽማግሌው በሌላ ጊዜ ማር ይዞ መጥቶ መርቋት ሄደ። ታዲያ ይህ ውሸት ነው? ነው እንጂ፣ ውሸትማ ነው። ግን ያቺ ሴት ልጇን በሰላም ተገላግላለች፤ ማሩን ያመጣው ሽማግሌ ነግሯታል።

እነሱስ ቢሆኑ! መጦሪያው ውስጥ ኖራ የምትባል አሮጊት አለች፤ ነገር ይጠፋባታል። በየጠዋቱ ባሏን ትጠይቃለች። ባሏ ከሞተ ዘመናት አልፈዋል። ለሷ የወጣው መመሪያ ላይ ስለ ባሏ ስትጠይቅ ገበያ ሄዷል በሏት ተብሎ ተጽፏል። ሰርካዲስ ይህን ያየች ዕለት ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ሳቀች። ለካ እናንተም ታውቁበታላችሁ! ሺጂ ስትስቅ አየቻት። ሺጂ ከሕንድ የመጣች ነርስ ናት፤ ፈቃዷን አውጥታ ከተመዘገበች ሰንብታለች፤ ለሰርካዲስ እዚህ አገር ያለቻት አንድ ጓደኛ ብትኖር እሷ ናት። “ኖራ ትረሳዋለች” አለቻት፤ “ያቺኛዋ፣ የፈተናዋ ሴት ግን አትረሳም። ለማትረሳ ሰው ከዋሸሽ ዕድሜዋን ሙሉ ውሸትሽንም ጭምር ስታስታውስ ትኖራለች።”  ከዚያ ወዲህ በሻይ ሰዓት ወጥ ቤቱ ውስጥ ሺጂ የሟች ልጅ እየሆነች ታለማምዳታለች። “ንገሪኝ” ትላለች ሺጂ፣ ሳንድዊቿን እያኘከች። “አባትሽ...” “አባቴ ምን?” “አባትሽ ዛሬ ጠዋት...” እዚያ ላይ ምላሷ ይታሰራል። ዐረፉ፣ ተለዩን፣ ደከሙ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ሞቱ ነው መባል ያለበት፤ ቃሉን ጠርተሽ፣ ዓይኗን እያየሽ። አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው ብላው አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን አለ እዚያ ማዶ ሄዶ የሚመልሰው?

ከፈተናው ይልቅ የምትፈራው ግን ስልኩን ነው። ትራሱ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ተኝቷል፤ እሱ እንኳ ይተኛል። አባዬን በድምፅ ካገኘችው ከፋሲካ ወዲህ የለም። በበዓሉ ማግስት ነው። “ውጤትሽ ወጣ ወይ?” አላት። ወድቃ ወር አልፏት ነበር። “ገና ነው አባዬ፣ እዚህ አገር ይዘገያል” አለችው። “ፈተና አርሞ የሚያዘገይ አስተማሪ ሰነፍ ነው” አለ፤ “እኔ በማግስቱ ነበር የምመልሰው” አለ፤ ከዚያ ሳለ። ረጅም ሳል ነበር፤ ከሥር የሚመጣ፣ ማለቂያው ላይ የሚያፏጭ። ነርስ አይደለች? ሰምታዋለች። ይህ ሳል ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነ፣ አክታው ምን ይመስላል፣ ማታ ያልብሃል ወይ ብላ መጠየቅ ነበረባት፤ የማታውቀውን ሰው ሁሉ የምትጠይቀውን አባቷንም መጠየቅ ነበረባት። ግን ስለ ውጤቱ እንዳይደግምባት ፈራች። “ሥራ ልገባ ነው አባዬ” ብላ ዘጋች። ያን ቀን ሥራ አልነበራትም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ነው ያየችው።

ከዚያ ወዲህ የአባዬን ስልክ የሚያነሳው ታናሽ ወንድሟ እንድርያስ ነው። አባዬ ተኝቷል። አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። አባዬ ሸዋ ቤንች ገጠር ያለውን ቡናውን ሊያይ ሄዷል፣ እዚያ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ኔትወርክ የለም። አባዬ ትንሽ ደክሞታል። ባለፈው ሳምንት ስትደውል እዚያ ይዘንብ ነበር። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው፤ ከዚያ ድምፁ ሌላ ሆነባት። ቆርቆሮ አይደለም። ቆርቆሮ ይንጫጫል፤ ይሄኛው ድም ድም የሚል፣ የታፈነ፣ ከሥሩ የብዙ ሰው ጉርምርምታ ያለበት ነው። “እንድሬ፣ የት ነህ?” “ቤት ነኝ።” “ምንድን ነው የምሰማው?” እንድርያስ ከሰው ራቅ አለ መሰል ጉርምርምታው ቀነሰ። ከዚያ “ሸራ ነው” አላት፤ “ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥረን ነው፣ የሰጣነው ቡና ዝናብ እንዳይመታው።” “እ፣ ደግ አደረጋችሁ” አለችው። ዘጋች፣ ሥራ ገባች፣ ኖራን አጠበች፣ ፀጉሯን አበጠረችላት፣ ባልሽ ገበያ ሄዷል አለቻት። ማበጠሪያውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። እንድርያስ ድሮም ውሸት አያውቅበትም። በግንቦት ምን ቡና አለና ነው የሚሰጣው? ቡናው ገና እንጨቱ ላይ ነው፣ ፍሬው አረንጓዴ ነው፣ ከቅጠሉ እንኳ በቅጡ አይለይም። ቴፒም ሂድ ሚዛን፣ በግንቦት ሰው ግቢ ውስጥ ሸራ የሚወጠረው ወይ ለሰርግ ነው፤ አለዚያ ለሌላው ነው። እነሱ ቤት ደግሞ የሚዳር የለም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሳምንቱን ሙሉ እያወቀች ሳታውቅ ከረመች። ዝናብ የሰማችው በስልክ ነው፣ ስልክ ድምፅ ይለውጣል፤ ፋና፣ የእንድርያስ ሚስት፣ ዘመዶቿን ጠርታ ይሆናል፤ ማኅበር ይሆናል፤ የግንቦት ልደታ ይሆናል፤ ልደታ ካለፈች እንኳ ሰንብቷል፣ ቢሆንም። እንዲህ እያለች አንዱን ስታፈርስ አንዱን ስትሠራ ከርማ፣ ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ስልኳ ላይ መልእክት ጠበቃት። ወይዘሮ አሰጋሽ ናቸው። ትልቁ ከተማ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው፤ እንደመጣች ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተው ስልክ ተለዋውጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ እንኳን አደረሰሽ ከመባባል አልፈው አያውቁም። “ልጄ ሰርካዲስ እንደምን አለሽ” ይላል፤ “ቅዳሜ ማለዳ እኔና የቤተ ክርስቲያኑ ባየ ሌሎችም አንድ ሁለት ሆነን መጥተን ልንጠይቅሽ አስበናል። ሥራ እንዳትገቢ። ምንም እንዳታዘጋጂ፣ የሚበላ እኛ ይዘን እንመጣለን። ፈተናሽን በርትተሽ ሥሪ።” ባቡር መሳፈሪያው ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፈተና እንዳለባት ለወይዘሮ አሰጋሽ ማን ነገራቸው? ያን ያህል መንገድ ሰው በማለዳ ተነስቶ፣ ምግብ ተሸክሞ፣ የማይቀርባትን ልጅ የሚጠይቀው ለምንድን ነው? እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ነጠላዋን እንደ ደህና ሰው ለብሳ፣ ሌላ ጉዳይ ያመጣት መስላ፣ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ኋላ በሰው ደጅ ቆማለች። መርዶ የሚነገርበትን ሰዓት ታውቀዋለች። የምግቡንም ስም ታውቀዋለች፤ እዝን ነው የሚባለው።

እንግዲህ አስበው፣ ይህ ሁሉ ሰው ተደውሎለታል። እንድርያስ፣ ያ ዓይናፋሩ፣ ከሚዛን ተነስቶ የማንን ስልክ ከማን ወስዶ፣ ለማን ነግሮ፣ በስንት ሰው እጅ አልፎ ነው ወይዘሮ አሰጋሽ ዘንድ የደረሰው? ልጅቷ ብቻዋን እንዳትሰማ። ፈተናዋ እንዳይበላሽባት። ሰርካዲስ ትራሱን ፊቷ ላይ አደረገችው። አሁን ማልቀስ ትችላለች? ስላልተነገራት ሐዘን ይለቀሳል? ካልተነገራት አባቷ አልሞተም፤ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ መነጽሩን እየጠረገ ነው። ከተነገራት ግን ነገ በየትኛው እግሯ ሄዳ፣ በየትኛው አፏ ለዚያች ባለ ሹራብ ሴት አባትሽ ሞቷል ትላለች? ደግሞም ምን ዓይነት ልጅ ናት አባቷ አፈር ለብሶ እሷ ስለ ማለፍና ስለ መውደቅ የምታስብ! ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተኛች። ማወቅ ፈለገች። ከዚህ ሁሉ መዋተት አንዲት ቃል ይሻላል አለች። ሺጂ እውነቷን ነው አለች በልቧ። ስልኩን አነሳችና ደወለች።

“ሰርኬ!” እንድርያስ ወዲያው ነው ያነሳው። “አልተኛሽም እንዴ? ነገ አይደል ፈተናሽ?”

“እንቅልፍ እምቢ አለኝ።”

“በልተሻል?”

ይኸውልህ፤ መጣ። “በልቻለሁ” አለችው፤ አልበላችም።

“ማን አለ አጠገብሽ?”

“ማን ይኖራል እንድሬ? ብቻዬን ነኝ።”

እዚያ ማዶ ከኋላ ፋና አፍንጫዋን ስትናፈጥ ይሰማል። “ጉንፋን ይዟታል” አለ እንድርያስ፣ ማንም ሳይጠይቀው። አባዬ ሞቷል እንዴ? ጥያቄው ምላሷ ላይ ነው። ቀይ ሹራብ የለበሰችው ሴት እንዳለችው ዘንበል ብሎ ማለት ብቻ ነው። መልሱን ደግሞ ታውቀዋለች፤ ኧረ እግዜር አያድርገው ነው የሚላት፣ እሷ እንዳለችው፤ ደግማ ከጠየቀችው ግን ይሰበራል። ይሰበርና ይነግራታል፤ እሷ እዚህ ወለሉ ላይ ትወድቃለች፣ የሚያነሳት የለም፤ እሱ እዚያ ስልኩን ይዞ ሰርኬ ሰርኬ እያለ ይጮኻል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያን ጩኸቱን ሲሰማ ይኖራል። እሷ አሁን አትሰማም፤ ሰው ሳለ ትሰማለች። አቤት ያ ሽማግሌ! እሷ ለሚስቲቱ ነበር የሚያዝን የመሰላት፤ ለካ ነጋሪውም ሰው ይፈልጋል።

“እንድሬ” አለች። “ባለፈው ወድቄያለሁ። ለአባዬ አልነገርኩትም።”

“ያውቃል” አለ እንድርያስ።

“ምን?”

“ከፋሲካ ማግስት ስትደውዪ፣ ስልኩን እንደዘጋሽ ነው። የወደቀ ተማሪ ድምፅ አይጠፋኝም አለ። አትጠይቋት፣ ስታልፍ ራሷ ትነግረኛለች አለን። ቆይቶ ደግሞ...” ያን ሳይጨርስ ተወው። “በርቺ ብሎሻል።”

ሰርካዲስ አፏን በመዳፏ ይዛ ነበር። ለቀቀችው። “እሺ። ነገ ስጨርስ እደውልለታለሁ በለው።”

“እለዋለሁ” አለ እንድርያስ። ያን ቃል እንዴት እንዳወጣው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ያን ቀን ተኛች ብል ውሸት ነው፤ ግን መገላበጧን ተወች። በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን እያየች፣ እሷና አባዬ ሲዋሻሹ እንደከረሙ፣ እሷ ማለፏን እስክታመጣለት እሱ አለማወቁን ይዞላት እንደቆየ እያሰበች መሸላት። በማግስቱ ፈተናው ቤት ኮሪደር ላይ ነጭ ለብሳ ቆማለች። ቁስል አሸገች። መድኃኒት አደለች። አሻንጉሊቱን አስተነፈሰች። “ገሠሠ!” አለ የሚጠራው ሰው፣ ወረቀቱን እያየ። አቤት አለች፣ በአማርኛ። የመጨረሻው በር ነው። ያችው ሴት ናት፤ ሹራቧ ዛሬ አረንጓዴ ነው። ፈታኙ ጥግ አለ። ሶፋው ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ሳጥን አለ፤ ባለፈው አላየችውም ነበር።

ገባች። ስሟን ተናገረች። “ዛሬ አብሮሽ የመጣ ሰው አለ?” ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ “ብቻዬን ነኝ” አለች። “እኔ አለሁ” አለች ሰርካዲስ። ፊት ለፊት የተቀመጠላትን ወንበር አንስታ ከሴትዮዋ ጎን አደረገችው፣ ትከሻቸው እስኪነካካ ድረስ። ሺጂ እንዲህ አላስተማረቻትም፤ ፈታኙ ቀና ብሎ አየ። “የምነግርሽ ነገር ከባድ ነው” አለች። ከዚያ ዓይኗን አየቻት። “አባትሽ ሞተዋል።” ቃሉ ወጣ። አፋፍ ላይ ደርሶ አልተመለሰም፤ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቆመ፤ ሰርካዲስም ሰማችው። እስካሁን ማንም ያልነገራትን፣ ከሚዛን እስከዚህ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ የደበቀላትን፣ በራሷ ድምፅ፣ በሰው አገር ቋንቋ ሰማችው። አባትሽ ሞተዋል። ሴትዮዋ እንደ ሥራዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፣ ማልቀስ ጀመረች። ከተናገርሽ በኋላ ዝም በይ ይላል ደንቡ፤ ሰርካዲስ ዝም አለች፤ እጇን ሴትዮዋ ጀርባ ላይ አድርጋ ዝም አለች፤ እንባዋ ግን ደንብ አያውቅም፤ ዝም ብሎ አገጯ ላይ ወረደ። ሴትዮዋ በጣቶቿ መሐል አየቻት። ልቅሶዋን አቆመች። ሳጥኑን ስባ አንድ ሶፍት መዘዘችና ለሰርካዲስ ሰጠቻት። ደወሉ እስኪደወል ሁለቱም እንደተደጋገፉ ተቀምጠው ነበር።

ለነገሩ አልፋለች። ውጤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የመጣው፤ ሰነፍ አስተማሪዎች! ያ ግን ኋላ ነው፤ የሚነገረውም ሰው ስለሌለ ነገሩ ያን ያህል አልጣማትም።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነሳች። ሁለት እንቁላል ቀቀለችና በዳቦ በላች፤ አልወርድ ሲላት በሻይ አወረደችው። ከጋራ ወጥ ቤቱ ወንበሮች ተሸክማ አምጥታ በክፍሏ ደረደረች። ከሻንጣዋ ሥር ነጠላዋን አወጣችና አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ አልለበሰችውም፤ መጀመሪያ እነሱ መናገር አለባቸው። በሩን ገርበብ አድርጋ ጠበቀች። ዝናብ ነበረ፣ እንደ ልማዱ ድምፅ አልነበረውም። መኪና ቆመ። የእግር ኮቴ፣ ሹክሹክታ፣ “አንተ ቅደም” “አይ እርስዎ ይቅደሙ” መባባል። ከዚያ ወይዘሮ አሰጋሽ በሩ ላይ ታዩ፤ ደማቅ ሻርፕ ለብሰዋል፣ እንዳያስታውቁ ነው፤ ከኋላቸው ባየ ምንቸት በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፏል፤ ከሱ ኋላ ሰርካዲስ አይታቸው የማታውቅ ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተዋል። ወይዘሮ አሰጋሽ ሳቅ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። “ልጄ፣ እንደው በዚሁ ስናልፍ...” ብለው ጀመሩና ሻርፓቸውን ማስተካከል ያዙ። እኚህ ሴት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቡት አድረዋል፤ እንዴት ብዬ እጀምራለሁ እያሉ አድረዋል። ሰርካዲስ አዘነችላቸው። ወጥታ እጃቸውን ያዘች፣ አስገባቻቸው፣ ሁሉንም አስቀመጠች፣ ራሷም መሐላቸው ተቀመጠች።

“በልቻለሁ” አለች። “ሰውም አለኝ። አሁን ንገሩኝ።”